አመድ፣ ዲያቶማይትና የዶሮ ተባይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ ዶሮ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ቅማል የሌለባት ዶሮ ማግኘትም እንደዚያው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሃያ ምናምን ዶሮ አረባለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከቡሬም ከሞጣም ከዳንግላም የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ጥያቄው ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «መድኃኒት ከመግዛት አመድ ወይም ያንን ዲያቶማይት የሚሉትን ነጭ ዱቄት ብነሰንስ ምን ይለኛል?» አንዳንዱ ምንም አይልም፤ አንዳንዱ ግን ይላል።

ተፈጥሯዊ ከሆነ ምን ያስፈራል?

ተፈጥሯዊ የሚለው ቃል ነገሩ ከየት እንደመጣ ነው የሚነግረን። ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ብርብራን እንውሰድ። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ብርብራ ከደጃችን የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ከዚህ በላይ ተፈጥሯዊ አይገኝም። ውስጡ ያለው ሮቴኖን ግን መርዝ ነው። ትምባሆም ቅጠል ነው፤ ኒኮቲኑ በቆዳ ሳይቀር ሰርጎ ይገባል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኔዘርላንድና ቤልጅየም ውስጥ ሚሊዮኖች እንቁላል ከገበያ ተሰብስቦ ተወገደ። ምክንያቱ ለዶሮ ቅንቅን የተረጨ መድኃኒት ነበር። ከባሕር ዛፍና ከሚንት የተሠራ የዕፅዋት ውጤት ተብሎ ነው የተሸጠው። ሲመረመር ግን ለሰው ምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ እዚያ የተከለከለው ፊፕሮኒል የሚባል የተባይ መርዝ ተቀላቅሎበት ተገኘ። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ውስጡ ያለውን አልነገራቸውም። ስለዚህ ገበያ ላይ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ስም ሳይኖረው «የዶሮ ዱቄት ነው፣ ችግር የለውም» የሚባል ነገር ሲቀርብላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

መጀመሪያ ምን እንደያዛት እንዴት ልወቅ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን ሁሉም ነው፤ ምክንያቱም ዱቄት ለሁሉም ተባይ አይሠራም።

ቅማል ዕድሜውን በሙሉ ዶሮዋ ላይ ነው የሚኖረው። ዶሮዋን ገልብጣችሁ ከጭራዋ ሥር ላባውን ገለጥ አድርጉ። ገለባ የመሰሉ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሮጡ ነገሮች ታያላችሁ። የላባው ግንድ ሥር ደግሞ ነጭ እንቁላላቸው ተጣብቆ ይከማቻል። ለዚህ ደረቅ ዱቄት ጥሩ ነው።

ቀይ ቅንቅን፣ ማይት የሚሉት፣ ሌባ ነው። ቀን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውላል። ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥና ይመለሳል። ቀን ዶሮዋን ብታገላብጡ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ከመሸ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቼ ባትሪ ይዤ እገባለሁ። ነጭ ወረቀት አጥፌ የቆጡን እንጨት ከሥሩ በኩል ከጫፍ ጫፍ እጠርገዋለሁ። ንጹሕ ከሆነ ወረቀቱ ላይ አቧራ ብቻ ይቀራል። ቅንቅን ካለ ግን በቀይ እስክርቢቶ የተጫረ የሚመስል የደም መስመር ይወጣል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እጄ የተቆረጠ መስሎኝ ጣቶቼን ቆጥሬአለሁ። ይህ ተባይ ባዶ ቤት ውስጥ ሳይበላ ወራት ይቆያል። ስለዚህ ዶሮዋ ላይ ብቻ መነስነስ ሌባውን ትቶ የተሰረቀውን ሰው እንደ መገሠጽ ነው። ሥራው ቆጡና ግድግዳው ላይ ነው።

ዓይኗና ኩክኒዋ ዙሪያ ተሰክቶ የማይነቃነቅ ጥቁር ነገር ካለ ቁንጫ ነው። ዓይን አጠገብ ዱቄት አይነሰነስም። ቫዝሊን በጣት መቀባት ይሻላል፤ አፍኖ ይገድለዋል።

እግሯ ላይ ቅርፊቱ እየተነሳ ኖራ የተለቀለቀ ከመሰለ ከቅርፊቱ ሥር የሚቦረቡር ሌላ ዓይነት ማይት ነው። ዱቄት እዚያ አይደርስም። እግሯን በለብታ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት በየጥቂት ቀኑ መቀባት ነው። ናፍጣ ወይም ላምባ የሚነክሩ አሉ። ቆዳውን ይልጠዋል፤ ተዉት።

ቆላው ላይ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ሲባል፣ የዶሮ መዥገር አለ። እሱም ቀን ግድግዳ ውስጥ ይደበቃል። በሽታም ያስተላልፋል። መፍትሔው ስንጥቁን በጭቃ መምረግ ነው።

አመድ እውነት ይሠራል?

ይሠራል፤ በተለይ ለቅማል። ዶሮዋ ራሷ ታውቀዋለች። ከማድ ቤት ጀርባ የተደፋ አመድ ላይ ስትጋደም አይታችኋል። በጎኗ ትተኛለች። በእግሯ አመዱን እየጫረች ክንፏ ሥር ትከታለች። ዓይኗን በዚያች ስስ ሽፋን ትጋርዳለች። ከዚያ ተነሥታ አንዴ ስትራገፍ አካባቢው ጉም ይመስላል። ደቃቁ አመድ የተባዩን ገላ የሚሸፍነውን ሰም መሰል ቅባት ያነሳል፤ ተባዩ ውሃው ወጥቶ ይደርቃል። ነገሩ መርዝ አይደለም፣ ድርቀት ነው። ለዚህም ነው እርጥብ አመድ ዋጋ የሌለው።

ግን አመድ ሁሉ አመድ አይደለም።

የባሕር ዛፍ፣ የግራር፣ የዲከረንስ አመድ ደህና ነው። ፋግታ ለኮማ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች ከከሰል ማክሰያው ጉድጓድ አፈር የተቀላቀለ አመድ እንደልባችሁ ታገኛላችሁ። በወንፊት ንፉት፣ የከሰሉን ፍርካሽ አውጡ። ላስቲክ፣ ጫማ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ ወይም የባትሪ ድንጋይ የተቃጠለበት አመድ ግን ለዶሮ አይሆንም። ውስጡ እርሳስና ሌላ ብረት ሊኖር ይችላል። ዶሮ ደግሞ ታጥባ ብቻ አትነሣም፣ ትለቅማለችም።

ሁለተኛው ፍም ነው። ላዩ የቀዘቀዘ አመድ ውስጡ አንድ ሁለት ቀን ፍም ይዞ ሊያድር ይችላል። ጎረቤቴ ያሉ እትዬ አመዱን በጠዋት ደፍተው ቀትር ላይ አንዷ ዶሮ ደረቷን ተለብልባ አገኟት። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይባል የለ? ይቺ ፍም አወጣች። ተርፋለች፤ ላባዋ ግን እስኪበቅል ወራት ፈጀ። ሦስት ቀን በብረት ዕቃ ወይም በገል አቆዩት፣ እጃችሁን ከትታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ስጡ።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። አመድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚልጥ ኃይለኛ ውሃ ይወጣዋል። እርጥብ አመድ ላይ የቆመች ዶሮ መዳፏ ይቆስላል። ዓይኗ ውስጥ ከገባም ያቃጥላታል። የእናንተም ዓይን ውስጥ ቢገባ አትሹት፤ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ አጥቡት፣ ካልተሻለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ታዲያ ክረምቱን ምን ላድርግ?

የጎጃም ክረምት አመድን የሚያስብ አይደለም። እንጅባራና ቲሊሊ ላይ ደግሞ ዝናቡ መች ያባራል! ዶሮዋ አመድ የምትታጠብበትን መታጠቢያ ከጣሪያ ሥር አድርጉት። አሮጌ ጎማ ወይም ሳጥን፣ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ዶሮዋ ተጋድማ የምትዞርበት ስፋት ያለው ከሆነ በቂ ነው። ሁለት እጅ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ፣ አንድ እጅ የተነፋ አመድ። ንጹሕ አመድ ብቻ አትሙሉት። ኩስ ሲበዛበትና ሲረጥብ ጣሉትና ቀይሩ። ለዚህ የሚሆነውን አመድ ከወዲሁ፣ ግንቦት ላይ ማጠራቀም ነው።

ዲያቶማይት የሚሉት ነጭ ዱቄት ምንድነው?

በጥንት ዘመን ሐይቅ ውስጥ የኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተክል መሰል ፍጥረታት ቅሪት ነው። ቅርፊታቸው ሲሊካ ነው፤ ሐይቁ ሥር ተደራርቦ ለስላሳ ድንጋይ ሆነ። የእኛም አገር አለው፣ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዙሪያ። ተፈጭቶ ሲነሰነስ እንደ አመድ ነው የሚሠራው፤ የተባዩን ሰም ያነሳል፣ ያደርቀዋል። ከአመድ የሚሻለው ቆዳ የማይለበልብ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ጥናት ዲያቶማይትን፣ ካኦሊን የሚባለውን ነጭ ሸክላና ድኝን በመታጠቢያ ሳጥን ውስጥ አድርጎ ፈትኗቸዋል። ሦስቱም ሠርተዋል። የታጠቡት ዶሮዎች ላይ ተባዩ በሳምንት ውስጥ በጣም ቀንሷል። ድኙ ግን በልጧል፦ ሳጥኑን ያልተጠቀሙት ጓደኞቻቸው እንኳ አብዛኞቹ ነጽተዋል። ልብ በሉ፣ ዱቄቱ የቀረበው በሳጥን ነው። ማንም ቤቱ ውስጥ አልበተነውም።

ዓይነቱን መለየት ደግሞ ግዴታ ነው። ሁለት ዲያቶማይት አለ። አንዱ ያልተቃጠለው ነው። ለምግብና ለመኖ የሚፈቀደው እሱ ነው፤ ጎጂው ክሪስታል ሲሊካ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች። ሌላው በከፍተኛ ሙቀት የተጠበሰው፣ ለመዋኛ ገንዳና ለፋብሪካ ማጣሪያ የሚውለው ነው። እዚያ ውስጥ ክሪስታሉ ከግማሽ በላይ ሊደርስ ይችላል። የድንጋይ ጠራቢዎችን ሳንባ የሚያደነድነው ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ ከዚህ ክሪስታል ነው የሚመጣው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ1997 በትንፋሽ የሚገባ ክሪስታል ሲሊካን ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። ከረጢቱ ላይ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ አትግዙት። ርካሽ ነው ብሎ የማጣሪያውን መግዛት በራስ ሳንባ መቆጠብ ነው።

ያልተቃጠለውን እንደፈለግሁ ልበትን?

አይሆንም። እዚህ ላይ የራሴን ጅልነት ልናገር።

መጀመሪያ ቅንቅን የገባብኝ ጊዜ በሩን ዘግቼ፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ እያሉ፣ አንድ ሣህን ሙሉ ዱቄት ወደ ጣሪያው በተንኩ። በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አፌን የሸፈንኩት በነጠላ ጫፍ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዶሮዎቹ ያነጥሱ ጀመር። አንዷ አንገቷን ዘርግታ አፏን ከፍታ ትተነፍስ ነበር። በሩን ከፍቼ ሁሉንም በጨለማ ግቢው ላይ በተንኳቸው። እኔ ሁለት ቀን ሳልኩ። ቅንቅኑስ? ስንጥቁ ውስጥ ተመቻችቶ ተቀምጧል።

በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም አስረዳኝ። ዶሮ እንደኛ ድያፍራም የላትም። አየሩ በሳንባዋ አልፎ በገላዋ ውስጥ ወዳሉ የአየር ከረጢቶች ይሄዳል። ደቃቅ ብናኝ እዚያ ከገባ መውጫው ይከብደዋል። የኩሱ ሽታ ጉሮሮዋን ባቆሰለበት ቤት ላይ ብናኝ ሲጨመርበት ለትንፋሽ በሽታ በር መክፈት ነው። አየሩ ላይ የተንሳፈፈው ዱቄት ደግሞ ተባይ አይገድልም። የሚገድለው ቆዳና ስንጥቅ ላይ ያረፈው ነው።

ራሷ ስትታጠብ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን አርቃ፣ ክንፏ ሥር ነው የምታስገባው። እኛ ስንበትንባት ፊቷ ላይ ሳታስበው ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ መታጠቢያውን አዘጋጅላታለሁ፣ የቀረውን ለእሷ ትቼዋለሁ። እጄን የማስገባው ስትታመም ብቻ ነው።

በእጅ መነስነስ ግድ ከሆነስ?

ውጭ፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥታችሁ። ሲመሽ፣ ወደ ቆጥ ልትወጣ ስትል መያዝ ይቀላል። አንድ ሰው በጎኗ ይያዛት፣ ጭንቅላቷን በእጁ ይጋርድ። ቁንጥር ቁንጥር ያህል ከጭራዋ ሥር፣ ከክንፎቿ ሥር፣ ከጭኗ ሥር፤ ከዚያ ላባውን በጣት እያሹ ወደ ቆዳው ማስገባት። መርጨት ሳይሆን ማሸት። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ማንኪያ ብዙ አይበልጥም። ጭስ መስሎ የሚነሳ ከሆነ አብዝታችኋል።

ለራሳችሁ አቧራ የሚይዝ ደህና ማስክ አድርጉ። ነጠላና ሻርፕ ደቃቁን አያቆሙም። አስም ያለበትና ሕፃን አካባቢው አይድረስ። ዶሮዎቹ ከእናንተ ጋር አንድ ቤት የሚያድሩ ከሆነ በፍጹም ቤት ውስጥ አትነስንሱ።

ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድገሙት። ዱቄቱ እንቁላላቸውን አይነካም፣ የቅማል እንቁላል ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ ይፈለፈላል። «ሠራ ከዚያ ተመለሰ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ሳይደግሙት የቀሩ ናቸው።

ለቅንቅን ከሆነ ጭዱን አውጥታችሁ አቃጥሉ፣ ቆጡን ነቅላችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ዱቄቱን ስንጥቁ ውስጥ በብሩሽ ክተቱ፣ ዶሮዎቹ ውጭ እያሉ።

ለታቀፈች ዶሮና ለጫጩት?

እንቁላል ከማስቀመጣችሁ በፊት ነው ሥራው። ዶሮዋን አክሙ፣ እንቅቡን አጽዱ፣ ከአዲሱ ጭድ ሥር ስስ አድርጋችሁ አመድ አንጥፉ። ቅማል የበዛባት ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትነሣለች። ጫጩት ላይ ምንም ዱቄት አትነስንሱ። እናትየው ከጸዳች ጫጩቱ ይጸዳል።

እንቁላሉና ሥጋው ይበላል?

በአመድና ባልተቃጠለ ዲያቶማይት፣ አዎ። የሚጠበቅ የቀን ብዛት የለም። የተለጠፈውን ዱቄት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ብርብራ፣ ትምባሆ፣ ድኝ፣ ኖራስ?

ብርብራና ትምባሆ ከዶሮ አርቁ። መጠኑን የሚለካላችሁ የለም፣ ዶሮዋ ደግሞ ላባዋን ስታበጥር ትውጠዋለች። የብርብራውን ዕቃ ወንዝ ውስጥ ማጠብ ደግሞ ዓሣውን መፍጀት ነው።

ድኝ ለቅንቅን ኃይለኛ ነው። ግን ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። በመጠኑ ከመታጠቢያው አፈር ጋር ደባልቁት፤ ዶሮ ባለበት ቤት ውስጥ አታጭሱት፣ ጭሱ ገዳይ ነው። ጥሬ ኖራ እርጥበት ሲነካው ስለሚፈላ ዶሮ ላይ አይደረግም። የበረደው ኖራ ግን ግድግዳ ለመለቅለቅ ግሩም ነው፤ ሲደርቅ ዶሮዎቹን አስገቡ።

ግቢዬ ውስጥ ንብ አለኝ፤ ይነካታል?

ጎጃም ላይ ይህን ሳንጠይቅ ማለፍ ነውር ነው። ደረቅ ዱቄት ቅማልን ከንብ አይለይም። ዲያቶማይት ገላዋ ላይ ካረፈ ያደርቃታል። ከአበባ የሚሠራው የተባይ መድኃኒት፣ ፒሬትረም የሚሉትም፣ ንብን ይፈጃል። መታጠቢያውን ከቀፎው አርቁ፣ አበባ ያለበት ሣር ላይ አትበትኑ፣ ስትነሰንሱ ንቧ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ማታ ይሁን።

ለእህል የሚረጨውን ዱቄት ብጠቀም?

አይሆንም። ማላታይን ሆነ ሌላ፣ ጎተራ ላይ እንዲነሰነስ የተሠራው መጠኑ የተለካው ለእህል ነው። ዶሮ ላይ ሲሆን በቆዳዋ ይገባል፣ እንቁላሉ ውስጥ ይወጣል፣ እንቁላሉን ልጃችሁ ይበላዋል። ለዶሮ የተመዘገበ መድኃኒት ካስፈለገ ከእንስሳት ሐኪም ይወሰድ፤ እንቁላሉ ስንት ቀን እንደማይበላም ጠይቁ።

ለሆድ ትል መኖ ውስጥ ብጨምረው?

የተደረጉት ሙከራዎች ውጤታቸው የተደበላለቀ ነው። ዱቄቱ የሚሠራው በማድረቅ ነው፤ የዶሮ አንጀት ውስጥ ደግሞ ደረቅ ነገር የለም። እኔ ገንዘቤን ለትል መድኃኒት አወጣለሁ።

ከገበያ የገዛሁት ዶሮ ይዞ ቢመጣስ?

አብዛኛው ተባይ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ለፋሲካ ዋዜማ ከየቀበሌው የመጣ ዶሮ አንድ ላይ ታስሮ ይውላል፤ ቅማሉም ይተዋወቃል። አዲሷን ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ። የመጀመሪያው ቀን ፈትሹ፣ ነስንሱ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙ፣ ከዚያ ቀላቅሉ። ፈንግል ይዛ እንደሆነም በዚሁ ይለያል።

መቼ ነው ዱቄቱን ትቼ ሐኪም የምጠራው?

ኩክኒዋ ነጣ ካለ፣ ደሟ አልቋል ማለት ነው። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ሁለት ጊዜ ነስንሳችሁ በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ ላይ ቀዩ መስመር አሁንም ከወጣ፣ ወይም ዶሮ መሞት ከጀመረ። ስትሄዱ የተጠቀማችሁበትን ዱቄት በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን እንደነበር በቃል መግለጽ ያስቸግራል። ወረቀቱንም ጨምሩበት።